ለካውቦይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች

ዛሬ ጠዋት ያላኮረፍኩትን ሰው ገላመጥኩ። ያኮረፍኩት ሌላ ነው፤ ባለፈው ወፍጮ ቤት ተራዬን የወሰደብኝ ረጅም ሰውዬ። ከመናኸሪያው በኩል ሲመጣ ያየሁት መሰለኝና አስፋልቱ መሀል ቆምኩ። ባርኔጣዬን ወደ ቅንድቤ ዝቅ፣ እግሬን ከፈት፣ ከዘራዬን ወደ ወገቤ ጠጋ አደረግኩ። ዓይኔንም አጠበብኩ፤ ለነገሩ ካረጀሁ ወዲህ ሳላጠብበውም ጠባብ ነው። ከኋላዬ አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን ይነፋል። እንዲህ የቆመ ሰው ደግሞ ለባጃጅ አይዞርም። ሰውየው ቀረበ፣ ቀረበ፣ አጠገቤ ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለና፣ ወደ ጎሬ የሚሄደው ሚኒባስ ከየት እንደሚነሳ በትሕትና ጠየቀኝ። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ከዘራዬን ከወገቤ መዝዤ መናኸሪያውን አመለከትኩት። የባጃጁ ነጂ በጎኔ ሲያልፍ፣ "ፋዘር፣ መንገዱን ገዙት እንዴ?" ብሎኝ ሄደ።

ይህን አቋቋም የተማርኩት ቪዲዮ ቤት ነው። ስለተማርኩበት ትምህርት ቤት ካልጻፍኩ ደግሞ ማን ይጽፍልኛል።

ያኔ ክልሉ ገና ክልል መባልን ሲለምድ፣ እኔ ሥራ ፈት መባልን እየለመድኩ ነበር። ሥራዬ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ተክሎ አቤቱታ መጻፍ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ሲሆን ኦሮምኛውስ አላቃተኝም፤ መቱ ተወልዶ ኦሮምኛ ያቃተው ሰው ጆሮ አልፈጠረበትም ማለት ነው። ያቃተኝ ቁቤው፣ የላቲኑ ፊደል ነው። በአማርኛ ፊደል ሳስጌጥ የኖርኩት እጄ ወደ ቁቤው ሲዞር የዶሮ እግር ሆኖ ቀረ። ደንበኞቼ እያዘኑልኝ ወደ ወጣቶቹ ጸሐፊዎች ሄዱ። አንዳንዶቹ ሲያልፉ ሰላም የሚሉኝ ለቀብር እንደመጡ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ደግሞ በሰልባጅ ተመታ። ከተማው ሁሉ ከአውሮፓ የመጣ ሙሉ ልብስ በልኩም ያለልኩም እየገዛ ሲለብስ የሱ የስፌት መኪና በረንዳ ላይ ዝም ብላ ትውላለች። እሱ ከኡካ በኩል ገና በጎረምሳነቱ ብቻውን የመጣ ሰው ነው፤ ወንድም የለው፣ እህት የለው። የኔና የሱን ግቢ የሚለየው አንድ አጥር ሲሆን አጥሩ መሀል በር ነበረው፤ በሩ ሲዘጋ አይቼ አላውቅም። አንድያ ልጁ በእግሯ መሄድ የጀመረችው የኔን የጃንጥላ ዘንግ ይዛ ነው። እሷን ሊድራት ሲያስብ ቀድሞ የነገረው ለኔ ነበር። በሠርጉ ዕለት ከአባትየው ጎን አጎት መቀመጥ አለበት፣ ሙሽራዋም ስትወጣ የሁለቱንም ጉልበት ትስማለች። "አጎቷ አንተ ነህ" አለኝ። እንዲህ ሲል ኮት እየለካኝ ነበርና ለመተቃቀፍ አልተመቸንም፤ መርፌ በአፉ ይዟል።

ሁለታችንም ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሌለን ቪዲዮ ቤት እንገባለን። የቤቱ ባለቤት ባልዋ የሞተባት ሴት ናት፤ ከተማው ሁሉ እትዬ ነው የሚላት። ቤቱ ጭቃ ሆኖ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ይሸፈናሉ። የኛ አገር ዝናብ ሲጀምር ሽጉጡ ይጨሳል እንጂ ድምፁ አይሰማም፤ ሰዎቹ በዝምታ እየተገዳደሉ በዝምታ ይወድቃሉ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ አልነበረም፣ የፈለገውም አልነበረም። አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በአማርኛ እየተረጎመ ሁለት የተለያየ ፊልም እናያለን። የምንስማማበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አክተር አይሞትም።

ያጣላን ፊልም እንዲህ ነው። አንድ ሰው ወንድሙን ይገድሉበታል። ገዳዩ ከብት ያለው፣ መሬት ያለው፣ ዳኛም ያለው ሰው ነው፤ ደረቱ ላይ ኮከብ የለጠፈው ሕግ አስከባሪ ከሱ ጋር እየበላ ነገሩን በዝምታ ያልፈዋል። አክተሩ ፈረሱን ጭኖ ሊበቀል ይነሳል። እስከዚህ ድረስ ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ ከሱ ጋር ነበር። ከዚያ ግን መንገድ ላይ እየተበላሸብን መጣ። ፈረሱ ሲደክምበት የአንዲት ባልቴት ፈረስ ሰረቀ። መንገድ አላሳይም ያለውን ገበሬ ቤት አቃጠለ። ቄሱን በጥፊ መታው፤ ይህን ጊዜ ኋላ የተቀመጡት ጴንጤዎች እንኳ አዘኑ። ጢሙ ባደገ ቁጥር ምግባሩ እያነሰ ሄደ። መጨረሻ ላይ ገዳዩን ሲያገኘው ገዳዩ አርጅቷል፤ ደጁ ላይ ለዶሮዎች ጥሬ ይበትናል። አክተሩ ሽጉጡን አወጣ። ሽማግሌው ጥሬውን እንደጨበጠ ቀና አለ። ሁለቱ ተያዩ፣ እኛም ትንፋሻችንን ዋጥን፣ መብራት ጠፋ።

የመቱ መብራት ሲሄድ ተሰናብቶ አይሄድም። ካሴቱ ደግሞ የበደሌ ሰው ንብረት ስለነበር በማለዳው አውቶቡስ መመለስ ነበረበት። መብራቱ የመጣው በማግስቱ ካሴቱ መንገድ ላይ ሳለ ነው። ስለዚህ የፊልሙን መጨረሻ መቱ ውስጥ ማንም አላየውም፣ ስሙንም የሚያውቅ የለም።

እዚያው ጨለማው ውስጥ ክርክር ተነሳ። ልብስ ሰፊው ገድሎታል ይላል። ከጎሬ መቱ የሚመጣ ሰው እንኳ ጉዳዩን ሳይፈጽም አይመለስም፣ ይሄ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ዶሮ አይቶ ይመለሳል እንዴ ብሎ ተከራከረ። እኔ አልገደለውም አልኩ። እዚያ ደጅ ላይ ያየው የገዛ ራሱን እርጅና ነው፣ ሁለቱ መጥፎነታቸው ስለተካከለ ማን ማንን ይቀጣል ብዬ እንደ ይግባኝ አብራራሁ። ከዚያ አንዱ፣ ደንበኛ ሲጠፋ ለገዳይም ጥብቅና ይቆማል ብሎ ሲያስቅብኝ፣ ልብስ ሰፊውም አብሮ ሳቀ። የሱ ሳቅ ነው ያናደደኝ።

"አንተ ወንድም የለህ፤ ስለ ወንድም ደም ምን ታውቃለህ?" አልኩት።

"እውነትህን ነው። ወንድም የለኝም" አለ፤ ድምፁ ልኬት ሲጠራ እንደሚሆነው ልስልስ ያለ ነበር። ከዚያ የጫማው ኮቴ ወደ በሩ ሲሄድ ሰማሁ።

በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ብለው ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት አላባክንም ነበር። ግን ያን ያህል ካውቦይ ያየ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም፤ ፈረሱን ይጭናል። ፈረስ ስለሌለኝ በሚኒባስ ጎሬ ወጣሁ። አንድ የሱሪ አዝራር ነበረችኝ፣ ለመበጠስም ገና አላሰበችም፤ እሷን ራሴ በጥሼ ለጎሬ ልብስ ሰፊ አሰፋኋትና ሱሪውን ለብሼ በጎረቤቴ በረንዳ ፊት ሦስት አራቴ ተመላለስኩ። አዝራር ከሩቅ እንደማይታይ አላሰብኩበትም። እሱ ግን ወሬው ደርሶታል። የሠርጉን ድንኳን መንገድ ላይ ለመትከል ፈቃድ የሚጠይቀውን ማመልከቻ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከኔ ጃንጥላ ቀጥሎ ለተቀመጠው ወጣት ወስዶ ሰጠ። እንዲሰማኝ ጮክ ብሎ ነበር የሚያጽፈው። ልጁም ሲያነብለት ቁቤው እንደ ጅረት ይወርዳል፤ ጥሩ ማመልከቻ መሆኑን መካድ አልችልም።

እኔ ደግሞ መዶሻ አንስቼ የአጥሩን በር በምስማር መታሁት። ጠዋት ስነሳ በሩ ከበፊቱ ይበልጥ ጠብቋል። ለካ እሱም በዚያኛው በኩል መቶታል።

ከዚያ ወዲያ መጥፎነቴ እየጣመኝ ሄደ። ቤቴን በሙሉ ለበቀሉ ላሰልፍ ብዬ ሚስቴን ለሠርጉ ሽንኩርት ልትልጥ እንዳትሄድ ከለከልኳት። ቢላዋዋን በነጠላዋ እየጠቀለለች፣ "አንተ ከአሜሪካ ሰው ጋር ተጣላ። እኔ ሽንኩርት አለብኝ" ብላኝ በዋናው መንገድ ዞራ ሄደች። በሩ ስለተመታ ዙሪያውን መሄድ ነበረባት፤ ያን ሁሉ መንገድ እኔን እየረገመች እንደሄደች በኋላ ራሷ ነግራኛለች።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ልጅቷ መጣች። እኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ አክተሮቹ እንደሚያደርጉት አድማሱን እመለከታለሁ። የኔ አድማስ የጎረቤት ሽንት ቤት ነው። በእርጋታ ሰላም አለችኝና አባቷ የአጎትየውን ቦታ ባዶ ሊተወው እንደሆነ ነገረችኝ። ዘመድ የለው፣ ሌላ ሰውም አላስቀምጥም ብሏል።

"ጋሼ፣ የማንን ጉልበት ስሜ ልውጣ?" አለችኝ።

አድማሱን መመልከቴን ቀጠልኩ። እሷም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሄደች። ይህ ነገር ፊልም ላይ ሲሆን ያምራል፤ ደጄ ላይ ግን ማማሩን አላየሁም።

ሽማግሌ የጠራችው ባለ ቪዲዮ ቤቷ ናት። ለኛ አዝና ብቻ አይደለም። ከዚያ ምሽት ወዲህ ደንበኞቿ ተከፍለው፣ ገድሎታል የሚሉት በግራ፣ አልገደለውም የሚሉት በቀኝ እየተቀመጡ የሚጀመረው ፊልም ሁሉ በጭቅጭቅ ይቋረጥባት ነበር። የሠርጉ መቀመጫም የሷ አግዳሚ ወንበሮች ናቸው። ወዳጆቼ ተኳርፈው ወንበር አላውስም፣ ካልታረቁ ሙሽራዋም እንግዳውም ቆመው ይዋሉ አለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ቤቱ ጓሮ ከዋንዛው ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ዋናው ከሁሩሙ ጫካ ቀፎ ሲሰቅል ያረጀ ማር ቆራጭ ነው፣ ፊልም የሚባል አይቶ አያውቅም። በጃርሱማ፣ በኦሮሞ የሽምግልና ወግ፣ ነገር ከሥሩ ነው የሚነሳው። የናንተ ጠብ ሥሩ ምንድን ነው ሲል ፊልም ነው አልነው። እንግዲያው ፊልሙን ንገሩኝ አለ። እየተሻማን ነገርነው።

"ወንድሙ እንደሞተ ሽማግሌ ላኩ?" አለ።

አልላኩም አልኩ።

"በዚያ አገር ሽማግሌ የለም?"

"አለ አባቴ፣ ግን ፊልሙ እንደተጀመረ ይገደላል" አልኩት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አንደኛው፣ ጡረታ የወጣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ከዋንዛው ግንድ ወደ መሀል ጠጋ ብሎ ተቀመጠ። ዋናው ስለ ዳኛው ጠየቀ፤ ተገዝቷል አልነው። ለሕግ አስከባሪው ኮከቡን ማን ሰጠው አለ፤ መንግሥት ይመስለኛል አልኩ። ሰጥቶት ሄደ፣ ተመልሶ አላየውም ማለት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ከፊልሙ ውስጥ ሳይገረም ያለፈው ይህን ብቻ ነው።

ከዚያ የፊልሙ ደም ሳይደርቅ የናንተ ምላስ አይታረቅም ብሎ ፈረደ። ሰው ሞቷልና ጉማ ይከፈላል፤ የሟች ወገን ካሳውን ተቀብሎ በቀሉን ይተዋል። ሰዎቹ ከአሜሪካ ሊመጡ ስለማይችሉ ልብስ ሰፊው በተበቃዩ ቦታ፣ እኔ ለገዳዩ ስለተሟገትኩ በገዳዩ ቦታ እንድንቆም አዘዘ። ተነሳሁና ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "ክቡራን ሽማግሌዎች፣ ደንበኛዬ ዕድሜያቸው የገፋና ዶሮ በማርባት የሚተዳደሩ" ብዬ ስጀምር፣ "ደንበኛ የለህም። ገዳይ ነህ፣ ዝም ብለህ ቁም" አለኝ።

ለሟቹ አንድ ቅል ማር እንድከፍል ተፈረደብኝ። ተበቃዩም ቢሆን ንጹሕ አይደለምና ስለተቃጠለው ቤት ሁለታችንም የመታነውን ምስማር ነቅለን የአጥሩን በር እንድንከፍት ታዘዘ። የባልቴቷ ፈረስ ሲነሳ ባለ ቪዲዮ ቤቷ እጇን አነሳች፤ ባልቴት እኔ ነኝ፣ ፈረሴን አለች። በፈረሱ ፈንታ ልብስ ሰፊው ለመስኮቶቿ ጥቁር መጋረጃ እንዲሰፋላት ሆነ። የቄሱ ጥፊ ቀረ፣ ሊመታም ሊካስም የፈለገ ስላልነበረ።

ቀጥሎ እንደ ወጉ እያንዳንዱ የተፈረደበትን ለመፈጸሙ ዋስ ይጠራል። ዋስ የሚሆነው የሥጋ ዘመድ ነው። መጀመሪያ ልብስ ሰፊውን ጥራ አሉት። ዞር ብሎ አየ። ቪዲዮ ቤት ውስጥ በግራ በኩል ሲጮሁለት የነበሩት ሁሉ ጫማቸውን ይመረምራሉ። እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ጠርዟን ይዟት ቆሟል፣ ጣቶቹ ስፌቷን እየዳሰሱ። ሲዘገይ ሽማግሌው ሁለተኛ ጠራው። በኔ ሥራ ዋስ አጥቶ የሚቆም ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲያ ሲሆን እጄ ብዕር ይፈልግ ነበር። ያን ቀን ብዕር አልነበረኝም።

"እኔ ዋሱ ነኝ" አልኩ።

ሽማግሌው፣ "አንተ ገዳዩ ነህ እኮ" አለኝ።

"ገዳዩም ነኝ፣ ዋሱም ነኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው በኦሮምኛ ይንሾካሾኩ ጀመር። ገዳይ ለደመኛው ዋስ ሲሆን አይተውም ሰምተውም አያውቁም። ድሬሰሩ ፊልሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ፤ የለም አልኩት። እንግዲያው ከፊልሙ ተሻልን አለ። ዋናው ግን አልተዋጠለትም፣ ወደ ልብስ ሰፊው ዞሮ ይህን ዋስ ትቀበላለህ ብሎ ጠየቀው። ልብስ ሰፊው እኔን አላየኝም። የዋንዛውን ቅጠል እያየ፣ ደንበኞቼ በጃንጥላዬ ሥር ቆመው እንደሚሉት አድርጎ፣ "ይጻፍልኝ። ዋሴ ወንድሜ ነው" አለ።

ማንም የጻፈ አልነበረም። እኔ አፍንጫዬን ጠረግኩ፣ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ነው።

ተራው ለኔ ዋስ ሲደርስ ሚስቴን አየኋት። ከተጋባን ጀምሮ ዋስ ሆኜ ደክሞኛል፣ ሌላ ፈልግ አለች። ይህን ስትሰማ ባለ ቪዲዮ ቤቷ ሌላ ክስ ጨመረች፤ በዚያች ጨለማ ለገዳዩ ሲሟገት ዘሎ ሲነሳ የአንዱን አግዳሚ ወንበሬን እግር የሰበረው እሱ ነው፣ ወንበሬን ማን ይጠግነው አለች። ያኔ ኪሎዬ እንዳሁኑ አልነበረም። እግሩን ከዋንዛ አስጠርቤ እንድተካ ተጨመረብኝ፤ ዕዳው ሲጨምር ዋስ የሚሆነው ሰው ጭራሽ ጠፋ። ከአጥሩ በኩል ለሽማግሌዎቹ ውሃ ይዛ የቆመችው ሙሽራዋ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ለጋሼ እኔ ዋስ ነኝ" አለች።

ሽማግሌው ሙሽራ ዋስ ትሆናለች እንዴ ብሎ ሳቀ። እሷም ሙሽራ የምሆነው እሑድ ነው፣ ዛሬ ዓርብ ነው አለችው። በዚህ ተጻፈ፣ ማለቴ ተባለ።

እሑድ ከአባትየው ጎን ተቀመጥኩ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ስትስም እኔም ልመርቃት ጎንበስ ስል የጎሬው አዝራር ተበጥሶ ተንከባለለ። ልብስ ሰፊው ምንም ሳይል ከኮቱ ደረት ላይ ክር የተሰካበትን መርፌ ነቅሎ፣ ሙዚቃው እየተጫወተ፣ እንግዳው እያየ፣ እዚያው ሰፋልኝ። ስለ ጎሬ ስፌት አንድ ቃል ተናግሯል፤ አልጽፈውም።

አሁን ሁለታችንም አርጅተን ያው በአጥሩ በር እንመላለሳለን። እሱ እስከ ዛሬ ገድሎታል ይላል፣ እኔ አልገደለውም እላለሁ፤ አንድ ቀን ብንስማማ ምን እንደምናወራ አላውቅም። ማሩን ከፍያለሁ። እሱም መጋረጃውን ሰፍቷል። ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የሞባይል ካርድ የሚሸጥበትና ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ሱቅ ሆኗል። እትዬ ደጇ ላይ የምትቀመጥበት አግዳሚ ግን ያው ነው፣ በአንዱ ጥግ በእግር ፈንታ ድንጋይ ገብቶበታል። ስሄድ ድንጋዩን ታያለች፣ ከዚያ እኔን ታያለች። የዋንዛው እግር ተጠርቦ ግቢዬ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዶሮዎች ይሰፍሩበታል። ክረምቱ ይውጣ አልኩ፣ ከዚያ ጾሙ ይፈታ አልኩ፣ ከዚያ ወገቤን አመመኝ። ዋሴ አሁን የልጆች እናት ሆና ሁሩሙ ነው የምትኖረው። ለገበያ መቱ በመጣች ቁጥር እትዬ መንገድ ላይ ትይዛትና እግሬ የት ደረሰ ትላታለች፤ እሷም እየሳቀች ትደውልልኛለች፣ "ጋሼ፣ ዛሬም ስለ እርስዎ ተይዣለሁ" ትለኛለች። እኔም በዚህ ሳምንት አደርሳለሁ እላታለሁ። አላደረስኩም።